አውራ ዶሮ የማይከርምበት ቤት

እናቴ ኒኮላሳ ቤት አውራ ዶሮ የሚጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በማግስቱ ድስት ውስጥ ነው። ውሻ ከጮኸ ለሸለቆው ማዶ ሰዎች በነጻ ይሰጣል። የበሩ ማጠፊያ በየሳምንቱ ዘይት ይቀባል፤ እኛ ወጣችን ላይ ዘይት ሳናይ በሩ ወዙ ይንጠባጠብ ነበር። እናቴ ጫማዋን አድርጋ ትተኛለች። ከበሩ ጀርባ ደረቅ የበቆሎ ቂጣና ጨው የተቋጠረባት ከረጢት ተሰቅላለች። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ስንት ዘመኑ! ቂጣው ግን በየእሑዱ ይታደሳል። የከረመውን የሚበላው ማን ሆነና፣ እኔው ነኝ።

"ዝም አይነቅዝም" ነው ምክሯም ጸሎቷም።

እንግዲህ እግዜር ሲቀልድ ለዚህች ሴት እኔን ሰጣት። ኤቬሊዮ እባላለሁ። ፒካፔ ላይ ሞንታርቦ ሰቅዬ በቻላቴናንጎ ተራሮች መንደር ለመንደር እየዞርኩ ቲማቲም መግባቱን፣ በሬ መጥፋቱን፣ ሰው መሞቱን የምለፍፈው እኔ ነኝ። እናቴ ድምፄን ገና ከወንዙ ማዶ ስትሰማ በሯን ትዘጋለች። የገዛ እናቴ!

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ የነገረችኝ ጎረቤታችን ትራንሲቶ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮቹ መንደሩን ሊፈጁ ወንዙን ሲሻገሩ የመንደሩ ሰው ዋርካው ሥር በቆፈረው ጉድጓድ ተሸሸገ። እኔ የወራት ልጅ ነበርኩና ማልቀስ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ እናቴን አያት። እሷም አፌን በመዳፏ አፈነችው። ወታደሮቹ አልፈው እጇን ስታነሳ ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር። ትራንሲቶ እግሬን ዘቅዝቃ ይዛ ቂጤን ስታጮለው ነው ነፍስ የዘራሁት።

"ከዚያ ወዲህ ዝም ብለህ አታውቅም" ትለኛለች ትራንሲቶ። "ምናለ ቀስ አድርጌ በመታሁህ ኖሮ።"

እናቴ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ታበላኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ ስታመም ከአጠገቤ አትነሳም፤ እጇ ግን ፊቴን ነክቶት አያውቅም። ያ ሁሉ ወሬ እያለኝ ለምን ብዬ የምጠይቅበት አፍ አጣሁ።

ከዚያ ሚስቴ ሮሲቤል ሴት ልጅ ወለደችልኝ፤ ኖይሚ አልናት። ሞንታርቦዋን ይዛ ነው የመጣችው፣ የሌላ ልጅ ናት የሚል ካለ ቀርቦ ያዳምጥ። በእኛ ዘንድ አራሷን እስከ አርባ ቀኗ የዶሮ ሾርባ የምታጠጣት፣ ልጁንም የምታቅፍላት አማቷ ናት። እናቴ ሾርባውን አላጓደለችም፤ እሷ ቤት መቼ የሚታረድ ጠፍቶ! ግን ድስቱን ደጃፍ ላይ ታስቀምጥና ልጅቷ ድምፅ ስታሰማ እግሬ አውጪኝ ትላለች።

ሮሲቤል አረረች። እናትህ ልጄን ጠልታታለች፣ አርባዬን እንደጨረስኩ ልጄን ይዤ ወላጆቼ ጋ እገባለሁ አለች። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ሻንጣዋን አልጋው ሥር አየሁት። የትራንሲቶን ታሪክ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

"አንዴ ልጄን ትቀፍልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለች።

የመንደራችን ጠባቂ ቅዱስ በዓል ደረሰ። በዓል ያለ ርችት አይሆንም፣ እናቴ ደግሞ ርችት አትችልም፤ ስለዚህ ርችቱ ቀትር ላይ ስለሆነ ቀደም ብለሽ ቤትሽ ግቢ ብዬ አስጠነቀቅኳት። ምን ዋጋ አለው? የርችቱ ሰውዬ በጠዋቱ ጠጥቶ፣ ቀትር የሆነ መስሎት ለኮሰው። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የበዓሉን ፕሮግራም እየለፈፍኩ ነበር። ሮሲቤል ፀጉሯ ተበትኖ እየሮጠች መጣች። ጓሮ የልጅቷን ጨርቅ እያሰጣች ርችቱ ሲፈነዳ ተመልሳ ብትገባ፣ ድስቱ ደጃፍ ላይ አለ፣ አልጋው ግን ባዶ ነው።

"እናትህ ወስዳታለች" አለችኝ።

ማይኩን ጥዬ ተነሳሁ። የት እንደሄደች አውቄያለሁ። ልጅቷ እንደምታለቅስም አውቃለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና የፈራሁት ርችቱን አልነበረም፣ የእናቴን እጅ ነው።

ወደ ዋርካው፣ ዛሬም ወዳልተደፈነው ጉድጓድ በረርን። ርችቱ ከኋላችን ይንጣጣል። ሲያርፍ ቆም ብለን አዳመጥን፤ ምንም የለም። ከዛፉ ሥር ስንደርስ ግን ከመሬት ውስጥ እሪታ ወጣ፣ የኖይሚ እሪታ! ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ደስ የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም። በደረቴ ተሳብኩና ገባሁ።

እናቴ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ልጅቷ በግራ ክንዷ እቅፍ ብላ እንደ ልቧ ትጮሃለች። የእናቴ ቀኝ እጅ ደግሞ አፍ አፍኗል፤ የገዛ አፏን። ጣቶቿ ጉንጯ ውስጥ ገብተዋል።

"እማዬ፣ ርችት እኮ ነው" አልኳት በቀስታ።

እጇን ከአፏ አነሳች። "መሆኑንማ አውቃለሁ። እግሬ ነው ያላወቀው።"

ከኋላዬ የገባችው ሮሲቤል ልጇን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

"ተያት፣ ትጩህ" አለቻት እናቴ። "እሱን ዝም አሰኝቼው ነበር።"

ሮሲቤል እጇን ሰበሰበች። "እሺ እማማ፣ እርስዎ ይያዟት" አለችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ እናቴ ያንን ቀኝ እጇን ወደ ፊቴ ሰደደችው። ስሳብ አፌ ዳር የተለጠፈብኝን አፈር በአውራ ጣቷ ጠረገችልኝ። የሆነ ነገር ልላት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።

እናቴ ደንግጣ ወደ ሮሲቤል ዞረች።

"ይሄ ልጅ ምን ሆኖብኝ ነው ዝም ያለው?"