በበቆሎው መሃል ያለው ቢጫ መስመር

አንድ አርሶ አደር ግብርና ቢሮ የምትሠራውን የእህታቸውን ልጅ፣ «ካርታ ስትጫወት ውላ ደመወዝ ትበላለች» እያሉ ይቀልዱባታል። ካርታ ሠሪ ናት።

አንድ ቀን የሳተላይት ምስል ስትመለከት፣ በአጎቷ የበቆሎ ማሳ መሃል ቢጫ መስመር አየች። ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ማሳዎ ውስጥ ውሃ ተኝቷል። ሥሩ እየበሰበሰ ነው።»

«ከሰማይ ሆነሽ ሥር አየሽ?»

«ያየሁት ቅጠሉን ነው። ሥሩን አሁን አብረን እናያለን፤ አካፋ ይያዙ።»

ስልኳ ያመለከታት ቦታ ላይ ሲቆፍሩ ጉድጓዱ ወዲያው ውሃ ሞላ። አጎቷ ጭቃውን ከእጃቸው አራግፈው፣ «ቦዩን በየት በኩል ልቅደደው?» አሏት። የመሬቱን ከፍታ ከስልኳ አየችና ተዳፋቱን ተከትላ ፊት ፊት መራቻቸው።

ውሃው በተቀደደው ቦይ ወረደ፤ በቆሎውም ውሎ አድሮ አገገመ። አሁን አጎቷ እሷን ሳያማክሩ ዘር አይዘሩም።