«ነይ» ስል የመጣችው

ልጄን ነበር የጠራሁት። «ነይ! ነይ ወደዚህ!» ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ግን ልጄ ሳትሆን ውሻዋ ወጣች። ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ቀጥ ብላ ወደኔ ትሮጣለች። ከኋላዋ ቅርንጫፍ እየሰበረ የሚከተላት ነገር አለ። ጥቁር ነው። የጀርባው ጠጉር እንደ መጥረጊያ ቆሟል። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። ልጄን ስጠራ ውሻዋን፣ ከውሻዋም ጋር የዱር አሳማውን ጠርቻለሁ።

ይኸው ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፤ ስለዚህ መጨረሻው ደግ እንደሆነ ከወዲሁ ዕወቁልኝ። ትምህርቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነው የቀረው፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ነገሩን ግን እንደነበረ ነው የምነግራችሁ።

ልጄ እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደችው። አሌክሳንድሪያ ብቻዋን አፓርትመንት ተከራይታ ትኖራለች፤ እዚያው ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች፣ የሰው ጥርስ ታጸዳለች። ሳምንቱን ሙሉ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ጠመንጃዋን ጭና፣ ወደ ደቡብ ቨርጂኒያ ትነዳለች። የዱር አሳማ ልታድን! እዚያ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አሉ። አሳማዎቹ በቆሎአቸውን እየገለበጡ ስላስቸገሯቸው ራሳቸው ናቸው ኑልኝ የሚሉት።

ይህን ለጸሎት ጓደኞቼ የነገርኳቸው ቀን ጸሎቱ ተበላሸ።

«ልጅሽ ምን ታድናለች አልሽ?» አለች አንዷ።

«አሳማ።»

«በኢየሱስ ስም! ባል ታድን እንጂ!»

እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እኔ ፈሪ ነኝ፤ አላፍርበትም። ሃይዌይ እፈራለሁ። የሜትሮውን ረጅም ኤስካሌተር እፈራለሁ። ውሻ እፈራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ «ወጣሁ፣ ወደ ቤት ነኝ» ብላ ቴክስት እስክታደርግልኝ ድረስ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም። ከፍርሃቴ ሁሉ ትልቁ እሷን የሚመለከተው ነው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።

እንግዲህ አንድ ቀን ኮል አደረገችኝና «ማሚ፣ ውሻ ገዛሁ» አለችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኳት። የሁለት ወር የቤት ኪራይ! ለውሻ! ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ፣ ይህን አንበሳ የሚያህል ነገር ልይ ብዬ።

አንበሳ የለም። ምንጣፉ ላይ አንዲት ከሲታ ውሻ ተጋድማለች። አንድ ጆሮዋ ተቀድዷል፣ ደረቷ ላይ የተሰፋ ጠባሳ አለ። እኔን ስታይ አልተነሳችም፤ ጅራቷን አንዴ መሬት ላይ መታችና ተወችው።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ትነክሳለች?» አልኳት፣ ከበሩ ሳልገባ።

«ኖ፣ ማሚ። አትነክስም። እሱ እኮ ነው ነገሩ።»

«ጃስ ብትያትስ?»

«ጃስ ምንድን ነው?»

«ያዥው፣ ብዪው ማለት ነዋ!»

«ኦ! ኖ፣ ኖ። እንደዚያ አልልም።»

«የማትነክስ ውሻ በዚህ ሁሉ ብር? ነካሽ ብትሆንማ ኩላሊትሽን ትሸጪ ነበር!»

ልጄ ሳቀች፣ ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳችኝ። የምትነክስ ውሻ ቶሎ ትሞታለች አለችኝ። አሳማው ክራንቻ አለው፣ እንደ ቢላዋ። ውሻዋ ዘላ ብትይዘው ሆዷን ይተረትረዋል። «ይቺ ግን ስማርት ናት፣ ማሚ። ታሸታለች፣ ታገኘዋለች። ከዚያ ፊቱ ትቆምና ትጮኻለች። ሲመጣባት ትሸሻለች፣ ሲሸሽ ትከተለዋለች። አትነካውም፣ አትለቀውም። እኔ እስክደርስ እዚያው ታቆመዋለች።» ሌላም አለ። አጋዘን በአፍንጫዋ ሥር ቢያልፍ ዞር ብላ አታይም። ጩኸቷን ሰምተሽ ብቻ አሳማው እየሮጠ ይሁን ቆሞ ታውቂያለሽ አለችኝ፤ ሲሮጥ ቆረጥ ቆረጥ አድርጋ፣ ሲቆም ሳታቋርጥ ነው የምትጮኸው።

«ደግሞ ስትጠሪያት ትመጣለች። አሳማ ፊቷ ቆሞ እንኳ ትታው ትመጣለች። ሌላ ውሻ እዚያ ላይ አይሰማሽም። በጣም ውድ ያደረጋት እሱ ነው።»

«ስትጠራ የምትመጣ!» አልኩ። «ምነው እኔም እንዲህ ያለች ልጅ በገዛሁ!»

«ማሚ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እግዚአብሔር ይየው። የአሌክሳንድሪያ ጎረቤቶቿ ውሻዋ ቀን ቀን ብቻዋን ስትሆን ታላዝናለች ብለው ከሰሱ። እኔ በአዛውንቶች መጦሪያ ኩሽና የማታ ሺፍት ነው የምሠራው፣ ቀን ቤት ነኝ። ስለዚህ ልጄ ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ እየጣለቻት ትሄድ ጀመር። ውሻ ደጅ እንጂ ቤት ውስጥ አስተኝቼ አላውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ወንበር በመካከላችን አስቀምጬ ነበር የማወራት። «ዞር በይ።» «ተይ።» «እንደሱ አትዪኝ።» እሷም ራሷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጠኛለች። እየቆየሁ ዶሮ ስቆራርጥ «ነይ» ማለት ጀመርኩ፣ አንድ ቁራጭ ልሰጣት። ልጄ በእንግሊዝኛ ስትጠራት ተነስታ ትራመዳለች። እኔ «ነይ» ስላት ግን ምንጣፉ እስኪሸራተት ነው የምትበረው። ልጄ አይታ «እንዴ! ከኔ ይልቅ አንቺን ነው የምትሰማው» ብላ ተገረመች። እኔም ኮራሁ፣ ልዋሽ አይደለም።

ያቺ ቅዳሜ የመጣችው እንዲህ ባለንበት ነው። ሁልጊዜ አብሯት የሚያድነው የሥራ ባልደረባዋ ወገቡን አሞት ቀረ። ልጄ ብቻዬን እሄዳለሁ አለች።

«ብቻሽን አትሄጂም።»

«ማሚ፣ ውሻዋ አለች።»

«እኔም አለሁ» አልኩና ጃኬቴን አነሳሁ። ከቤት ሆኖ ከመጨነቅ እዚያው ሆኖ መጨነቅ ይሻላል ብዬ ነው።

ሽማግሌው ገበሬ በቆሎአቸውን አሳዩን። ትራክተር ገብቶ የገለበጠው እንጂ የአሳማ አፍንጫ የቆፈረው አይመስልም። እሳቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ልጄ ፒክአፑን ከዛፎቹ ጥግ አቆመችና እንደራሷ ያለ ብርቱካንማ ሰደርያ አለበሰችኝ። አጠገባችን ካለ ወፍራም ዛፍ ላይ የብረት መሰላል ታስሯል፣ ጫፉ ላይ መቀመጫ አለው፤ የአጋዘን አዳኞች የሚቀመጡበት ነው አለችኝ።

«አንቺ መኪና ውስጥ ቁጭ በይ። አትውረጂ። ፕሮሚስ?»

«እሺ።»

ውሻዋን ፈታቻት። አፍንጫዋን መሬት ላይ ደፍታ ጫካው ውስጥ ገባች። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጩኸት፣ ሌላ ጩኸት፣ ራቅ እያለ ሄደ፤ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ሳያቋርጥ ቀጠለ። አስቁማዋለች ማለት ነው። ልጄ ጠመንጃዋን ይዛ ጎንበስ እያለች ተከተለች። ሰደርያዋ ከዛፍ ዛፍ ሲያልፍ ይታየኛል፤ ከዚያ አልታየኝም።

የተቀመጥኩትን ተቀመጥኩ። አላስቻለኝም። ወረድኩ። መሰላሉን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ረባዳ ቦታ ማዶ ሰደርያዋን አየሁት። ጩኸቱ ከእሷ በታች ከቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ወፍራም የማጉረምረም ድምፅ አለ፣ ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ልጄ በዝግታ ወደዚያው ትወርዳለች። ልጄ እኮ ናት! አፉ ውስጥ ልትገባ መሰለኝ። መኪና ውስጥ ቁጭ በይ መባሌን፣ ፕሮሚሱን፣ ሁሉን ረሳሁት። «ነይ! ነይ ወደዚህ!» አልኩ።

ልጄ ቀጥ ብላ ቀረች። የመጣችው ሌላዋ ናት።

ውሻዋ እግሬ ሥር ደርሳ ቆመች፣ ቀና ብላ እጄን አየች። ዶሮ ነው የምትፈልገው! ያን ጊዜ አሳማው ከቁጥቋጦው ወጣ። ከፊቱ ሰፊ፣ ከኋላው ጠባብ፣ ክራንቻው ከከንፈሩ ወጥቶ ወደ ላይ ታጥፏል። ውሻዋ ዞረች። በእኔና በእሱ መካከል ገብታ እንደገና ትጮህ ጀመር።

«ማሚ! አትጥሪያት!» ልጄ ከማዶ ጮኸች። «መተኮስ አልችልም፣ አንቺ ከኋላው አለሽ! ወደ መሰላሉ ሂጂ! በቀስታ! ዝም ብለሽ!»

እኔ ዝም ብዬ አላውቅም። በጸሎት ቤት ከሁሉ በላይ የሚሰማው የኔ ድምፅ ነው። ያን ቀን ግን ኢየሱስን እንኳ በልቤ ነበር የጠራሁት፣ ውሻዋ የኔን ድምፅ ሰምታ ትመጣለች ብዬ። ፊቴን ወደ አሳማው እንዳደረግኩ የኋሊት መራመድ ጀመርኩ። አሳማው ወደኔ አንገቱን ሲያዞር ውሻዋ በጎኑ ዞራ ጆሮው ላይ ትጮህበታለች፤ ተናድዶ ወደ እሷ ይዞራል። ሲዘልባት የለችም። ቆም ሲል እዚያው ናት። አንድም ጊዜ አልነካችውም። ነካሽ ብትሆን እስካሁን አልቆላት ነበር፣ ቀጥሎ እኔ ነኝ። የዚያች ከሲታ ዋጋ በየት በኩል እንደወጣ በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ እግሯ እርጥብ ቅጠል ላይ አንሸራተታት። አሳማው በአፍንጫው መታትና ገለበጣት። ጩኸቷ ወደ ሌላ ድምፅ ተቀየረ፣ ሕፃን ሲወድቅ እንደሚያሰማው ያለ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደረሰ። «ነይ» ልላት ነው፣ ልጅ ሲወድቅ እናት ሌላ ምን ትላለች? የጃኬቴን እጅጌ አፌ ውስጥ ከተትኩና በጥርሴ ነከስኩት። ብጠራት አሳማውን አስከትላ ነው የምትመጣው፣ ሁለታችንንም ይጨርሰናል። ነክሼ ቆየሁ። ውሻዋ ተንከባልላ ተነሳች፣ ራሷን አራገፈች፣ ሄዳ እንደገና ፊቱ ቆመች።

ጀርባዬ ብረቱን ነካ። መሰላሉ ነው። ከፍታም እፈራለሁ፣ ግን ያኔ ለእሱ የሚሆን ፍርሃት አልተረፈኝም። እጄ እየተንሸራተተ፣ ቀሚሴ ብሎን ላይ እየተያዘ፣ ወጣሁ። መቀመጫው ላይ ደርሼ ግንዱን አቀፍኩት።

«ማሚ! ወጣሽ?»

መመለስ ፈራሁ። በየትኛው ቃል ልመልስ? በአማርኛ አፌን ከከፈትኩ ውሻዋ መሰላሉ ሥር ትመጣለች፣ አሳማውም ከኋላዋ። ልጄ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በአማርኛ ሳናግራት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ። አሁን እኔው በእንግሊዝኛ መለስኩላት።

«ዬስ! አይ አም አፕ!»

ውሻዋ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ቋንቋው የኔ አልመሰላትም።

ልጄ አንድ ጊዜ ተኮሰች። ጫካው ሁሉ አስተጋባ። አሳማው በፊት ጉልበቱ ተንበረከከ፣ በጎኑ ወደቀ፣ ኋላ እግሮቹ ጥቂት ተንፈራገጡና ቆሙ። ጩኸቱ ሁሉ ባንዴ ቀጥ አለ። የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

ልጄ ረባዳውን ተሻግራ መጣች። ጠመንጃዋን አስተካክላ ዛፍ ላይ አስደገፈች፣ ተንበርክካ የውሻዋን ሆድ፣ ጎን፣ እግር በእጇ ዳበሰች። ትከሻዋ ላይ ትንሽ ተጭራለች። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ያኔ ነው እሷም መፍራቷን ያወቅኩት።

«በቃ፣ እናቴ» አለችኝ፣ በአማርኛ። «በቃ። አልቋል። ደህና ነሽ?»

እጄን ተመለከትኩ፣ እግሬን ተመለከትኩ። ልጄ ከታች ቆማለች። አንድ ነገር አልጎደለባትም።

«ደህና ነኝ» አልኳት። «ምንም አልነካኝም፣ ልጄ። ደህና ነኝ።»