ያልሰረዝኩት ጥያቄ

ጭሮ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። የከተማውን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ በስልኬ የከፈትኩት ለጠፋ መታወቂያና ለለቅሶ ማስታወቂያ ነው፤ በደሳ ከተማ ያለ ዘመድ የጭሮን መርዶ በጊዜ ይስማ ብዬ።

ኋላ ዘመኑ ከፋ። መርዶ የሚነገርበት ገጽ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ስድብ መጣ። ሁለቱንም ስለማነብ እሰርዝ ጀመር። ሩቅ ቢሮ ተቀምጦ የሚሰርዝን ሰው ማን ያውቀዋል? እኔን ግን ኮፒ ሊያደርግ የገባ ሁሉ ያገኘኛል። አንዱ «የኛን ብቻ ነው የምትሰርዢው» ይለኛል፤ እሱ ሳይወጣ ሌላው ገብቶ ያንኑ ይደግመዋል። ጴንጤ ስለሆንኩ ሁለቱም ወገን የኛ ናት አይለኝም። እኔም ንዴት አያጣኝ፣ «ስድብህን ይዘህ ውጣልኝ፣ እዚህ የሚሸጠው ወረቀት ነው» ያልኩት ሰው ጥቂት አይደለም።

አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ በከሰል «ወገንተኛ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። በእርጥብ ጨርቅ ብፈገፍገው አልለቅ አለ። ያን ቀን ፈራሁ። ለራሴም ሕግ አወጣሁ፤ ስድብ ያለበትን እሰርዛለሁ፣ የሌለበትን አልነካም። እንዲህ ካደረግኩ ማን ያማኛል አልኩ።

በማግስቱ አንድ ጥያቄ ተለጠፈ። «መናኸሪያው አጠገብ ጎማ የሚጠግኑት ሰውዬ አገራቸው የት ነው?» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰውዬውን አውቃቸዋለሁ። ጭሮ ሲመጡ እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ልጆቻቸውን እዚሁ ነው የወለዱት፣ ኦሮምኛቸውም ከኔ ይሻላል። ጣቴን መሰረዣው ላይ አደረግኩ። ግን ስድብ የለበትም። ብሰርዘው ነገ በሬ ላይ ምን ይጻፋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብዬ ተውኩት።

ከሥሩ መልስ ይመጣ ጀመር። አንዱ አገራቸውን ጻፈ። ሌላው ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ፣ ሌላው ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ። ሁሉም በጨዋ ቋንቋ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይሄ ነገር አላማረኝም ብዬ ልሰርዘው ስልኬን ሳነሳ ኔትወርክ የለም። በከተማው ሁሉ ተቋርጧል። ከሱቄ እሳቸው ዘንድ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። መንገዱ ላይ ወጣቶች ተሰብስበዋል ሲሉኝ ቀረሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በመናኸሪያው በኩል ጥቁር ጭስ አየን። የጎማ ሽታው እኛ ድረስ ይመጣል። ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም።

ማክሰኞ ሰውዬው ሱቄ መጡ። ግራ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ከተማውን ለቀው በቦርደዴ በኩል ሊወጡ ነው፤ ከእሳቱ የተረፈቻቸውን መታወቂያ ኮፒ እንዳደርግላቸው ሰጡኝ። አፍሬ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ጽሑፉን ልጄ አሳይታኝ ነበር» አሉኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «አባ እንውጣ ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን ገጹን የያዘችው የኮፒ ቤቷ ልጅ አይደለች? ክፉ ነገር ቢሆን እሷ ታጠፋው ነበር አልኳትና ተቀመጥን።»