ቀርቀሃና ፋይበርግላስ፦ ከጉና ጅረት እስከ ነጩ ዓሣ ወንዝ

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት በመስከረም መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የጉዞው ዓላማ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎችን በሁለት ዓይነት ውኃ መፈተን ነበር። አንደኛው ከተሰነጠቀ ቀርቀሃ የተሠራ ሲሆን፣ በሥራ ዘመኔ አብሮኝ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ትቶልኝ የሄደ ነው። ሁለተኛው የፋይበርግላስ፣ ማለትም ከመስታወት ክር የተሠራ ነው፤ ባለቤቱ ሰይድ ይባላል፣ በገበያው ዳር ሚስማር፣ ገመድና መንጠቆ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሰይድ ለጎብኚ እንግዶች የሚሆን ዘንግ ሊያስመጣ አስቧል። የትኛው ዘንግ ለየትኛው ውኃ እንደሚስማማ፣ ዓሣውም በየትኞቹ ኩሬዎች እንደሚገኝ በጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ።

ጡረታ የወጣሁ የዓሣ ሀብት ተመራማሪ ነኝ፤ ለብዙ ዓመታት አንዲት ገጽ አልጻፍሁም። እሺ ያልሁበትን ምክንያት ለሰይድ አልነገርሁትም። ነጩ ዓሣ ዛሬም በቆላው ወንዝ ሽቅብ ይወጣ እንደ ሆነ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

ከጉና ሥር

ሰይድም አብሮኝ መጣ፤ ከመነሣታችን በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን እስክንሰማ ሁለት ቀን ጠብቀን ነበር። እስከ ክምር ድንጋይ በሚኒባስ መቶ ሃምሳ መቶ ሃምሳ ብር ከፍለን ሄድን፤ ሾፌሩ ዘንጎቹን የያዘውን ቱቦ አይቶ «የቧንቧ ሠራተኞች ናችሁ?» አለን። ከዚያ በእግር ወጣን። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል።

በእነዚህ ዘንጎች በትል አይጠመድም። በመንጠቆ ላይ ላባ ተጠምጥሞ ነፍሳት መስሎ ይሠራል፤ ላባው ክብደት ስለሌለው ወደ ውኃው የሚያደርሰው የክሩ ክብደት ነው። ስለዚህ የዘንጉ አጎነባበስ ሁሉን ይወስናል። ጅረቱ በአንድ እርምጃ የሚዘለል ነው። የፋይበርግላሱ ዘንግ ለወፍራም ክር የተሠራ በመሆኑ ክሩ ውኃውን እንደ ጥፊ መታው፤ ትንንሾቹ ዓሦች ከድንጋይ ሥር ገቡ። ቀርቀሃው ግን እስከ እጀታው ድረስ ቀስ ብሎ ጎነበሰና ላባውን ድምፅ ሳያሰማ አሳረፈው። በሦስተኛው ውርወራ ጣት የምታክል ዓሣ ያዝሁ።

ከማዶ ድንች የምትቆፍር ሴት ቀና ብላ ተመለከተችን።

«አባቴ፣ ይችን ነው በዚህ ሁሉ ዘንግ?»

«ይችን ነው» አልኋት።

«ከተማው እንዲህ ከራበው ንገሩን እንጂ፤ ድንች እንሰጣችሁ ነበር!»

ሰይድ እየሳቀ አምስት ኪሎ ድንች ገዛት። ማታውን ከእሷው ቤት በጨውና በሚጥሚጣ በላነው።

ረቡዕ፣ ወንዙ ዳር

ማክሰኞ ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰን አደርን። ረቡዕ ወደ ጣና ከሚፈሱት ወንዞች ወደ አንዱ ወረድን። እየወረድን ሰይድ ስለ ትርፉ ሲያወራ እኔ ሌላ ነገር አስብ ነበር።

ነጩ ዓሣ በክረምት ከሐይቁ ተነሥቶ ሊራባ በወንዞቹ ሽቅብ ይወጣል። ወጣት ሳለሁ ሁለት ክረምት ተከትዬ፣ የሚያርፍባቸውን ኩሬዎች በየስማቸውና በየሳምንታቸው በካርታ አሰፈርኋቸው። ጽሑፉ ተመሰገነ። በተከታዩ ዓመት ባለ መረቦች በእነዚያው ሳምንታት፣ በእነዚያው ኩሬዎች ወንዙን ከዳር እስከ ዳር አጠሩት። ካርታዬ በእጃቸው እንደ ነበር ሰማሁ። ማስቆም ባልችል እንኳ መናገር እችል ነበር፤ ዝም አልሁ። በዚያው ጽሑፍ የዕድገት ደብዳቤ መጣልኝ፤ ተቀበልሁት። ወደ ወንዙም ዳግም አልወረድሁም።

የደረስንበት ኩሬ በካርታዬ ካሰፈርኋቸው አንዱ ነው፤ እንደ ጥንቱ ሰፊ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሣበታል። እዚህ ቀርቀሃው አልሆነም፤ ነፋሱ ክሩን እያጠፈ መለሰብኝ፣ ዘንጉም ከመገጣጠሚያው ላይ ሲጢጥ አለ። ፋይበርግላሱ ግን ክሩን ተሸክሞ እስከ ማዶው ገደል አደረሰው። በአራተኛው ውርወራ ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው ለረጅም ጊዜ ታገለኝ፤ እየደከመ ወደ ዳር ሲመጣ ሆዱ ሙሉ መሆኑን አየሁ። እንቁላል የያዘች ነጭ ዓሣ ነበረች። መንጠቆውን አወጣሁና ለቀቅኋት።

ጤፍ ሲያርም የቆየ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። አያ ደሴ ይባላሉ።

«ለቀቋት?» አሉ።

«ለቀቅኋት።»

«ታዲያ መጀመሪያ ምን አስቸገሯት?»

«እኔም ይኸንኑ ልጠይቅ ነበር አባባ» አለ ሰይድ። «እንግዶች ግን ለዚህ ገንዘብ ይከፍላሉ።»

«ይዞ ለመልቀቅ? እኒያ ሰዎች ወዴት ነው ያሉ? አንድ በሬ አለኝ፤ ይዘው ይልቀቁት።»

ሰይድ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «አንቱን አውቅዎታለሁ። ያን ጊዜ ጠጉርዎ ጥቁር ነበር። እዚች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ይለኩ ነበር። ጠላ ያመጣሁልዎ እኔ ነኝ።»

አላስታወስኋቸውም። ዓሣው በየዓመቱ ይወጣ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

«ጠፍቶ ነበር። አሁን መንገዱ ሲከፋ፣ ባለ መረቦቹም መምጣት ሲፈሩ፣ ሦስት ክረምት ሆነው፤ ጥቂት ጥቂት ይታያል።»

ያን ጊዜ በሰይድ ፊት ተናገርሁት። «አያ ደሴ፣ ባለ መረቦቹ የያዙትን ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን» አሉ።

«እንዴት?»

«ስምዎ ከላዩ ነበረበት። ወረቀቱን ከባለ መረቦቹ ተቀብለው ቄሱ አነበቡልን። ‹እኒህ ሰው ይህን ሲሰሙ ይመጣሉ፤ የመንግሥት ሰው ናቸው፣ ያስከለክሉልናል› አልን። አንድ ክረምት ጠበቅን፤ ሁለተኛውንም ጠበቅን። ቄሱ በየቅዳሴው ስምዎን ያነሡ ነበር። ኋላ ጊዜ ‹ይህ ሰው ሞቶ ይሆናል› ብለን ተውነው።» ማረሚያቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «ለካ አሉ።»

የማስታወሻ ደብተሬን አይተው «አሁንስ ምን ሊጽፉብን መጡ?» አሉኝ። በደብተሩ ላይ የኩሬው ስምና ከመንገድ ያለው ርቀት ተጽፎ ነበር።

ሐሙስ፣ ደብረ ታቦር

ቤቴ ደርሼ ለሰይድ ያዘጋጀሁለትን፣ ለአንባቢም ይጠቅም እንደ ሆነ፣ እዚህ አስቀምጠዋለሁ። ለጠባብና ለጠራ የደጋ ጅረት፣ ቀጭን ክር የሚጥል አጭር የቀርቀሃ ዘንግ ይሻላል፤ ከተጠቀሙበት በኋላ ይደርቅ፣ ተደግፎ አይቁም፣ ይጎብጣልና። ነፋስ ላለበት ሰፊ ውኃና ለከባድ ዓሣ ረጅሙ ፋይበርግላስ ይሁን፤ እርጥበትም ሆነ መውደቅ አይጎዳውም። ይሁን እንጂ ሰፊው ውኃ ለዘንግ የሚሆን ዓሣ የሚኖረው ዓሣው ሊራባ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሊነካ አይገባውም። ስለዚህ ረጅሙን ዘንግ እንዳያስመጣ መከርሁት።

ከጉዞው የተማርሁት ጥቂት ነው፤ ዘግይቶም መጣ። ዝምታዬ በደሌን የደበቀልኝ ይመስለኝ ነበር። አልደበቀውም፤ የተበደሉት ስሜን ይዘው ሲጠብቁኝ፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሰይድ ወረቀቱን አንብቦ ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ኩሬዎቹስ ጋሼ?»

«አልጽፋቸውም።»

«ሌላ ሰው እንዳላስጽፍ ከእርስዎ በቀር የሚያውቃቸው የለም።»

«ገበሬዎቹ ያውቃሉ።»

«እነሱማ አይነግሩኝም። ጋሼ፣ የተማሩ ሰው ነዎት። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከእርስዎ ጋር ይቀበር?»

ዕድሜዬን ሙሉ ያመንሁት ዕውቀት መቀበር እንደሌለበት ነበር።

«ይቀበር» አልሁት።