ባለ አንድ ክንፍ ርግቦች

ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ፣ የአሶሳ ሙቀት ሰውን ሁሉ አልጋ ላይ በሚጥልበት ሰዓት፣ እኔ ከአንዲት ማሽን ጋር ብቻዬን ቤት ቀረሁ...

ማሽኗ የልጄ የሰናይት ናት። ከስልክ ላይ ሥዕል ትቀበልና በትንሽ ስለት ወረቀት ትቆርጣለች። ሰናይት በጾሬ የስደተኞች ጣቢያ የነበራት ሥራ ኮንትራቱ ሲያልቅ፣ «ከእንግዲህ የበዓል ካርድና የስጦታ ጌጥ እየሠራሁ እኖራለሁ» ብላ ገዛቻት። እኔ አልወደድኩላትም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰርግና የበዓል ጌጥ በመቀስ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላረመኝም። መቀሱን የሰቀልኩት ባለቤቴ ካረፈች፣ እጄም መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ነው።

የዚያን ቀን ሰናይት ባምባሲ ከተማ የሰርግ ጥሪ ልታደርስ መሄድ ነበረባት። የጎረቤታችን የአሙና ሃያ ካርድ ደግሞ ገና አልተቆረጠም። ጨረቃ ከታየች ኢድ በማግስቱ ነው። አሙና በየዓመቱ ለሃያ ቤት ጣፋጭ በሳህን ትልካለች፤ ዘንድሮ በየሳህኑ ላይ ካርድ እንዲኖር ፈለገች። ለልጄ የመጀመሪያዋ ትልቅ ትዕዛዝ ናት። ከተወደደ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል። ካልተወደደ... ማሽኗ አቧራ ለብሳ ትቀመጣለች። ወፍራሙ አረንጓዴ ወረቀት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ያለውም ሃያ ብቻ።

«አባባ፣ ወረቀቱን ሰሌዳዋ ላይ ለጥፍ፣ ማሽኗ ውስጥ አስገባ፣ ቁልፏን ተጫን። ሌላ ምንም እንዳትነካ።»

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኳት፣ ትታልኝ በምትሄደው ስልክ ላይ ያለውን የማሽኗን ሥዕል እያየሁ።

«ርግብ ናታ!»

«ይቺ ጫጩት ናት።»

«አባባ፣ በእናትህ... ተጫን ብቻ!» ብላኝ ወጣች።

እኔ ጫጩት አልቆርጥም። ከሣጥኔ ውስጥ የድሮዋን የካርቶን ቅርጽ አወጣሁ። ወረቀት ላይ አስደግፌ ዙሪያዋን የምቆርጥባት፣ ክንፏን የዘረጋች ርግብ ናት። በዚህ ከተማ እሷ ያልተሰቀለችበት የሰርግ ዳስ ጥቂት ነው። ሰናይት ስታደርግ እንዳየሁት በስልኩ ፎቶ አነሳኋት። ማሽኗ ጠርዟን ተከትላ መቁረጥ ጀመረች።

ሽው... ሽው... ትላለች ስለቷ፣ ደረቅ ሣር ውስጥ እንደሚያልፍ ነፋስ። የማንጎው ጥላ በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል። ተኝቼ ነበር ልበል፣ ነቅቼ ነበር ልበል... አላውቅም። እጄ ይለጥፋል፣ ያስገባል፣ ያወጣል። ባለቤቴ ከጎኔ የተቀመጠች መሰለኝ። በሕይወቷ ሳለች ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ እጥፋቱን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትዘረጋዋለች፣ ርግቧ ትወጣለች። ያን ቀንም ከእያንዳንዱ ወረቀት ርግብ ስትወጣ አየሁ። ሃያ ርግብ። በዓይኔ አየሁ።

አሙና መጣች። የመጨረሻዋ የጾም ቀን ስለሆነ ከንፈሯ ደርቋል። አንዱን ካርድ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ርግብ ግማሹ የት ሄደ?»

«ምን ግማሽ?»

«አንድ ክንፍ ነው። አንድ ዓይን ነው። ወላሂ፣ ሌላው በረረ እንዴ?»

መነጽሬን አደረግኩ። እውነቷን ነው። የእኔ ካርቶን ድሮም ግማሽ ናት። እጥፋቱ ላይ አስደግፌ እቆርጣለሁ፤ ወረቀቱ ሲዘረጋ ነው ሌላው ክንፍ የሚመጣው። ማሽኗ ደግሞ ወረቀት አታጥፍም። አርባ ዓመት ግማሽ ርግብ ይዤ ሙሉ ናት ብዬ ኖሬአለሁ... የምትዘረጋልኝ ሰው ነበረችና።

ወረቀት አልቋል። ልጄ መንገድ ላይ ናት። «ማሽኗ ናት ያበላሸችው» ልል አፌን ከፈትኩ።

አሙና ግን አንዱን ካርድ ገልብጣ ከሌላው ጎን አስጠጋችው። ሁለቱ ክንፎች ተዘረጉ።

«ቆይ፣ ቆይ ጋሼ... ግማሽ ለዚህ ቤት፣ ግማሽ ለዚያ ቤት። ሌላው ክንፍ የፈለገ ጎረቤቱ ጋ ይሂድ። በኢድ ቤቱ የሚቀመጥ ደግሞ ምን ሰው ነው?»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ሃያውንም በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ሰናይት ስትመለስ ስልኩን ከፍታ ፎቶውን አየች። ፊቷ ጠቆረ።

«ግማሽ ነው እንዴ የተቆረጠው? አባባ... ማሽኗ ናት አይደል? አንዳንዴ ትሳሳታለች።»

የማመካኛውን በር ራሷ ከፍታልኛለች። በዚያ ማምለጥ እችል ነበር።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምን አልክ?»

«አንዴ ብያለሁ። አልደግመውም።»

ጨረቃም ታየች። ትናንት በኢድ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። ነጭ የለበሱ ሰዎች አረንጓዴ ክንፍ ይዘው ከበር በር ይዞራሉ። አንዱ ያንኳኳል፣ «የእኛ ክንፍ እናንተ ጋ ነው?» ይላል፣ ውስጥ ያሉት ይስቃሉ፣ ይገባል። በዚያ ብርሃን ከሩቅ ሲታይ ሰዎቹ ሳይሆኑ ርግቦቹ ናቸው የሚሄዱት፣ ሰውን እየጎተቱ፣ ዝቅ ብለው...

ለእኔም ሳህን መጣልኝ፣ ግማሽ ርግብ ያለበት። ከካርቶኔ ጎን አስጠጋኋት። ገጠመች። ማንም ቤት መሄድ አላስፈለገኝም... ግን ሄድኩ።

ማታውን ሦስት ሴቶች ሰናይት ጋ መጡ፤ «እንደ አሙና፣ ግማሹን» አሏት። ልጄም ካርቶኔን በሁለት እጇ ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች።

እኔ ጥፋቴን አምኛለሁ። ጫጩትን ርግብ ብላ ያመጣችው ማሽን ግን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀችም።