የሌስ ፕሩዊት የወይራ ዘይት

ሌስ ፕሩዊት ባሏ የሞተባት ግሪካዊት ውሽማ ይዟል ተብሎ በኮላክ ከተማ ተወራ። ማስረጃው ግሪኮች የሚወዱት አንድ ጣሳ የወይራ ዘይት ነው። ዕድሜ ልኩን የበግ ጥብስና ድንች ሲበላ የኖረ ላም አላቢ፣ በአንድ እጁ ዘይት፣ በሌላው ሰርዲን ይዞ ከሱቅ ሲወጣ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው እግር አወጣ። የሴትዮዋን ስም ሳይቀር የሚያውቁ ነበሩ።

ውሸት ነው። ሌስን የያዘው ድባቴ ነው። ከአልጋው የሚነሳው ላሞቹ ስለሚጮሁበት ብቻ ነበር። ጊሎንግ ከተማ ያለች የምግብ ባለሙያ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ዓሣ፣ ምስር፣ ቅጠላ ቅጠልና የወይራ ዘይት ለሦስት ወር አዘዘችለት። "አንዳንዱን ሰው ያግዛል" አለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባችም። በዚያ አገር ወንድ "ከፋኝ" አይልምና፣ ሚስቱ ኖሪን ለጎረቤት ያወራችው "ኮሌስትሮል ነው" ብላ ነው።

ሌስ ድሮ ምግቡን ሳያማ በልቶ አያውቅም። "ኖሪን፣ ይሄ ሥጋ ሁለቴ ነው የሞተው" ይላት ነበር። አሁን ግን የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ ይውጣል። ኖሪን ሳቁን መጠበቅ ትታለች፤ በምግቡ ላይ አንዲት ሐሜት ብቻ ቢወረውርላት እልል ትል ነበር።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት የእግር ኳስ ክለቡ ምሳ ደረሰ። እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሳህን ምግብ ይዞ ይመጣል። ኖሪን ሆን ብላ ምስሩ ላይ ሦስት እፍኝ ጨው በተነችበት።

ቀድማ የቀመሰችው ጎረቤቷ ዳልሲ ናት።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ! ባሕሩን ጨልፈሽ ነው እንዴ ያመጣሽው?"

"ለሌስ ነው የሠራሁት።"

"ልትገድይው ነዋ! ከውርሱ ታካፍይኛለሽ!"

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ኖሪን ግን ዓይኗን ከባሏ አፍ ላይ አልነቀለችም። ሌስ ጎረሰ፤ አላመጠ፤ ዋጠ። ደገመ።

"አንተ ሰውዬ፣ ኮሌስትሮሉን ስታባርር ደም ግፊት ልትጠራ ነው?" አለችው ዳልሲ።

ሌስ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ጨረሰ።

"ጨው አልበዛበትም?" አለች ኖሪን፣ በልመና ድምፅ።

"እንጃ።"

ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ቁጣ የለበትም፤ ላሞቹ የሚከተቡበትን ቀን የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

"ኖሪን፣ የሚሻለኝ ስንተኛው ሳህን ላይ ነው?"