በስሜ የታረደው በግ

ባለፈው ሳምንት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ከምሠራበት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ፣ አንድ ገበሬ ለእህል ክምሩ መሸፈኛ ላስቲክ ሊገዛ መጣ። ጥቅሉን ስዘረጋለት ያ የአዲስ ላስቲክ ሽታ በቀትሩ ሙቀት ታፍኖ ኖሮ አፍንጫዬን ሞላው። ሜትሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ገበሬው «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ደሴ ነበርኩ፤ ከጎኔም ያ ጓደኛዬ ነበር።

ጓደኛዬ የቄስ ልጅ ነው፤ እኔ የእስላም ልጅ ነኝ። ወሎ ውስጥ ይኼ ወሬ አይሆንም። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፣ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለናል፣ የአንዳችንን ጠላት አብረን ደብድበናል፣ አብረንም ተደብድበናል። በበዓል እነሱ ቤት ስሄድ እናቱ በተለየ ድስት ሽሮ ትሠራልኛለች፤ እኛ ቤት ሲመጣ እናቴ ዳቦና ማር ታቀርብለታለች። ሥጋ ላይ ስንደርስ ብቻ መንገዳችን ይለያያል። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም፤ ደንብ ነው። እኛ ግን ልጆች ነበርንና ይቆጨን ነበር። አንድ ቀን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዓሣ እኮ አይታረድም» አለኝ።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ ተራራው ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ ያኔ ሁለታችንም አይተነው አናውቅም። ቅዳሜ በጠዋት ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ እንይዛለን፣ ሐይቅ ከተማ ወርደን በእግራችን ሽቅብ እንወጣለን፣ ውሃው ዳር ዓሣ አጥምደን እንጠብሳለን፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ከአንድ ሰሃን ሥጋ እንበላለን። አድረን እሑድ እንመለሳለን። ሁለት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ጦሳ ተራራን ፊት ለፊት እያየን ይህንኑ ስንዶልት ከረምን። ካፊያ የነካው የባሕር ዛፍ ቅጠል በሸተተኝ ቁጥር ያ ወሬያችን ይመጣብኛል። የደብተር ልባስ ላይ ካርታ ሳልን። መርፌ በሻማ አግለን እያጠፍን መንጠቆ ሠራን፤ ጣቶቻችን ተቃጠሉ። ሲባጎ፣ ባትሪ፣ በሶ፣ ለዝናቡ ደግሞ አራት ሜትር ላስቲክ አዘጋጀን። ላስቲኩን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ እንዳታየው እሱ ቤት አስቀመጥነው።

ለእኔ ግን ዓሣው ሰበብ ነበር። ከሐይቁ በላይ፣ ወደ ቢስቲማ በሚወስደው መንገድ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ይኖር ነበር። እናቴ እሱ ያልወደደውን ሰው፣ አባቴን፣ ብታገባ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» ብሏት፣ እኔ ተወልጄ ለአሥራ ስድስት እስክደርስ ቃሉን አላጠፈም። እሷ ከዚያ አገር የመጣ ገበያተኛ ባየች ቁጥር «ወንድሜ ደህና ነው? ሸበተ?» ትላለች። መልሱን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። እንግዲህ እኔ አጎቴ ደጅ ሄጄ «የእህትዎ ልጅ ነኝ» ልለው፣ እሱም ልቡ ሊራራ፣ እኔም የእርቁን ቃል ለእናቴ ላመጣላት ነበር። ይህን ምሥጢር የነገርኩት ለጓደኛዬ ብቻ ነው። የአጎቴን ስም፣ የቤቱን ምልክት፣ በር ላይ ቆሜ የምለውን ሳይቀር ነገርኩት።

ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን አንገቱን ደፍቶ መጣ። «አባባ ሰምቶ ከለከለኝ። ለመስከረም እናርገው» አለኝ። አዘንኩለት እንጂ አልጠረጠርኩትም። ጭራሽ ያጽናናሁት እኔ ነኝ፤ «አብሽር፣ ሐይቁ የት ይሄዳል» ብዬ። ቅዳሜን ኮምቦልቻ ወርጄ እህቴ ቤት አደርኩ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ለፈተና ጽፌዋለሁ፤ እኔን የሚጥለኝ ፈረስ ግን በዚያ ሰዓት ላስቲኬን ተሸክሞ ተራራ እየወጣ ነበር።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሰው የሞተ መስሎኝ ክው አልኩ። አጠገቧ አንዲት ገበያተኛ ሴት ቆማለች፤ እግሯ ሥር ማር የሞላበት ቅል ተቀምጧል። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ያረቢ! ወንድሜን አስታረቅህልኝ! ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ!»

ሴትዮዋ ከአጎቴ የተላከውን ቃል እንደገና ተናገረች። «‹ልጅሽ ዝናብ መቶት ከደጄ ደረሰ። አፍንጫው ያንቺው ነው፣ ወላሂ ገና ሳየው ነው ያወቅሁት። በግ አረድኩለት፣ እንደ ቤቱ ልጅ በላ። አብሮት የመጣው ጓደኛው ክርስቲያን ነው፤ ለሱ ዳቦና ማር ሰጠነው። ልቤ ራርቷል፣ ነይ› ብሎሻል።»

የቄሱ ልጅ አፍንጫ! መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ጓደኛዬ ከሌላ ልጅ ጋር ሄዷል። አጎቴ በር ላይ ቆሞ እኔን ሆኗል። ከእኔ ጋር በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያልቆረሰውን ሥጋ በእኔ ስም ቆርሷል። ዳቦና ማሩ እዚያው ቤት ነበረለት እኮ፤ እውነቱን ቢናገር ይቀርብለት ነበር።

«እኔ አይደለሁም» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን የእናቴን ፊት አየሁ፤ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ደግሞስ ወሬው ደሴ ቢሰማ? የቄስ ልጅ የእስላም ሥጋ በላ ከተባለ «ሰለመ» ይሉታል፤ አባቱ በየትኛው ፊቱ ይቀድሳል? እንዲህ ከድቶኝ እንኳ ለእሱ መፍራቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። «አዎ፣ ሄጄ ነበር» አልኩ።

«እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ነው? ሸበተ? ጥርሱስ አለ?»

ምን ልበላት? «ልብሴን ልቀይርና እነግርሻለሁ» ብዬ በጓሮ ወጣሁና ወደ ጓደኛዬ ቤት በረርኩ።

ግቢያቸው ውስጥ እንጨት ሲፈልጥ አገኘሁት። ሲያየኝ ምሣሩን ጣለ። ሳልጠይቀው ይለፈልፍ ጀመር፤ አብሮት የሄደው የአክስቱ ልጅ ሰኞ ወደ አረብ አገር ሊሄድ ነበር፣ ከመሄዱ በፊት ሐይቁን ላሳይህ ብሎት ነበር፣ ግን ያው ልጅ «ሦስት ሆነን አንሄድም» ብሎታል።

«መሽቶ ዝናብ መታን፣ ውሻ ከበበን፤ የማውቀው ደጅ የአጎትህ ብቻ ነበር። ‹የማን ልጅ ናችሁ?› ሲለኝ ያንተ ቃል አፌ ላይ መጣ። ልመልሰው ስል ሰውየው እያለቀሰ ነበር።»

«ሶላት ላይስ?»

«እግሬን አመመኝ ብዬ ተኛሁ።»

«ሥጋውስ?»

ፍልጡን እያየ «እያጎረሰኝ ነበር» አለ።

እጄን ጨብጬ ነበር፤ አልመታሁትም። እናቴ ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። «አጎቴ ምን ይመስላል?» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል ያዋረደኝ የለም። የገዛ አጎቴን መልክ ከሰረቀኝ ሰው ለመንኩ። እሱም ነገረኝ፤ ረጅም ነው፣ ጺሙ ሸብቶ ሒና ተቀብቷል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ከግራ እጁ አንድ ጣት የለውም። ትኩስ የባሕር ዛፍ ፍልጥ እየሸተተኝ ሁሉንም እንደ ትምህርት ያዝኩት። ሲጨርስ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ። ጥዬው ወጣሁ፤ በማግስቱም ዴስክ ቀየርኩ።

እናቴ ያን ወሬ ለዓመታት አልጠገበችውም። «እስቲ ሳቁን ንገረኝ» ትለኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ። ለአረፋ ወንድሟን ልታይ ስትሄድ ፈተና አለብኝ ብዬ ቀረሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ታምሜ፣ ከዚያ ሥራ ገብቼ። ካዩኝ ውሸቱ ይወጣል፣ እርቁም አብሮት ይፈርሳል። ያን ሌሊት በእውነት ኮምቦልቻ ማደሬን የምታውቀው እህቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም «እናታችን ከሳቀች እኔ ምን አገባኝ» ብላ ዋጠችው። ሰዎች እርቅ ያወረደው ልጅ እያሉ ሲያመሰግኑኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት አጎቴ ሞተ። ከዚህ ወዲያ ሰበብ የለም፤ እናቴን ደግፌ ለለቅሶ ወጣሁ። አርዲቦን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጸጥ ያለ ውሃ፣ ዳሩ ቄጠማ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መረብ ይፈታል። ቆሜ አላየሁትም። አጎቴም ቤት ገብቼ ፊቱን አላየሁም፤ ቀብረውት ነበር።

ሚስቱ አርጅታለች። ስትጨብጠኝ ፊቴ ላይ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ እጄን ይዛ ከሴቶቹ ራቅ አድርጋ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ሰው ሲያድግ መልኩ ይለወጣል ልላት አዘጋጅቼ ነበር።

«ያን ጊዜ የመጣኸው አንተ አልነበርክም» አለችኝ። «አብሽር ልጄ፣ ባሌ ሳያውቅ ነው የሞተው። ያ ልጅ እንቅልፍ ሲጥለው ጋቢ ላለብሰው ብል አንገቱ ላይ ማተቡን አየሁ። እርቁ ይበላሻል ብዬ ለማንም አልተነፈስኩ። የሰው ልጅ ሃይማኖቱ ያልፈቀደለትን አብልተን ሰደድነው፤ ወላሂ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስታገኘው አፉ በለን ብላሃለች በልልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና «ደህና ነው?» አለችኝ።

ደሴ እንዳለ፣ አስተማሪ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ከተነጋገርን ግን ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አልኳት።